ከሐዲዱ ስልሳ እርምጃ

ቀናው በአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ከድሬዳዋ የሚመጣውን ባቡር በዋናው መስመር የሚያሳልፈው፣ ለፋብሪካዎቹ ጭነት ይዞ የመጣውን ፉርጎ ደግሞ ወደ ዳር መስመር የሚያስገባው እሱ ነው። ለሚያየው ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። አንድ ከባድ የብረት እጀታ ይጎትታል፣ ቁልፉን ይከታል፣ ባንዲራውን ያነሳል፣ አለቀ። ግን ሐዲዱ በጣት ውፍረት ያህል ሳይገጥም ከቀረ ባቡሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ቀናው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የሚያየው ሰው ኖረም አልኖረም፣ ሐዲድ በቀየረ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይፈትሽ ነበር፤ አንዴ በዓይኑ፣ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በእግሩ ረገጥ አድርጎ። አዲስ ሰው ሲመጣለትም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። «ገጥሞ ይሆናል ብለህ አትለፍ» ይለዋል። በእሱ ተራ አንድም ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ አያውቅም።

ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት መሆኑ ነው፣ ቤት መሥራት ጀመረ። የሚኖርበት ቤት የምድር ባቡር ስለሆነ ሥራውን ሲለቅ ቤቱንም መልቀቁ አይቀርም። ሚስቱ ብዙወርቅ «ዕቃችንን ተሸክመን መንገድ ላይ እንዳንቀር» እያለች ስትጎተጉተው ከርማ፣ ከጣቢያው ወረድ ብሎ፣ ከሐዲዱ ስልሳ እርምጃ የሚርቅ ቁራሽ መሬት ተገኘ። ስልሳ መሆኑን ቀናው ራሱ ረግጦ ቆጥሮታል። ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እሱ ግን ለምዶታል፤ እንዲያውም እንቅልፍ ያመጣልኛል ይል ነበር።

የቤቱን ሥራ የያዘው ካሳሁን የሚባል አናጢ ነው። በዚያ ሰፈር ቤት የሚያቆም ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ውል የሚባል ነገር የለም። ካሳሁን ይመጣል፣ ቦታውን በእርምጃ ይለካል፣ የሚያስፈልገውን እንጨት በቃሉ ይናገራል፣ ሠራተኛ ያመጣል፣ ሠራተኛ ያሰናብታል። አንዱ ከመሰላል ቢወድቅ ወይም ሚስማር እግሩን ቢወጋው ጨርቅ ይጠመጠምለትና ሥራው ይቀጥላል። ምድር ባቡር ውስጥ አንድ ሠራተኛ ጣቱ ሲቆረጥ ሦስት ሰው እየመጣ ጠይቆ ጽፎ እንደሚሄድ ቀናው ያውቃል። በገዛ ግቢው ግን ማን ይጠየቃል ብሎ አስቦ አያውቅም። ካሳሁንም አላሰበም።

በግንቦት መጨረሻ ግድግዳው ተመርጎ የቀረው ጣሪያው ብቻ ነበር። ለጣሪያው የሚሆነው ባሕር ዛፍ ተልጦ፣ በልክ በልኩ ተቆርጦ ግቢው ጥግ ተደርድሯል። ካሳሁን ክረምቱ ከገባ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ መቆፈር አይቻልም አለና ከወንዙ ማዶ ካለው የገበሬ መንደር ሁለት ወንድማማቾች አመጣ። ታላቁ ሮሪሳ፣ ታናሹ ደበላ ይባላሉ። ደበላ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። እሱ ይቆፍራል፤ ሮሪሳ ላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ እየሳበ ያወጣል።

ደበላ መሬቱን ያውቀዋል። አባቱ እዚያው አካባቢ የሰው መሬት ያርሱ ነበርና በልጅነቱ ከበሬዎቹ ኋላ ተከትሏቸው ሄዷል። አፈሩ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጣጠቃል፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጥና እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። «ይሄ አፈር ፀባዩ አይታወቅም» እያለ ይስቅ ነበር። ምሳ ሲበላም ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

በአምስተኛው ቀን ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት አለፈ። ያን ሌሊት የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ ዘነበ። ጠዋት ደበላ መጥቶ ጠርዙ ላይ ተንበረከከና ወደ ውስጥ ሲያይ ቆየ። ከዚያ የበሩን ጉበን ወደሚመታው ካሳሁን ሄደ።

«ጎኑ ላብ አውጥቷል» አለው። «ግራና ቀኙን በእንጨት ካልደገፍነው አላምነውም።»

ካሳሁን በከንፈሩ የያዘውን ሚስማር አወጣ። «እንጨቱ የባለቤቱ ነው። እሱን ጠይቅ።»

ዕለቱ ለቀናው የዕረፍት ቀኑ ስለነበር እዚያው ግቢ ውስጥ ጭቃ ይረግጣል። ደበላ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበው።

«አቶ ቀናው፣ ስድስት ሰባት እንጨት ይስጡኝና ጎኑን ልደግፈው። ውሃ ገብቶበታል።»

ቀናው ወደተደረደረው ባሕር ዛፍ ዞር ብሎ አየ። «እሱ ለጣሪያ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። አሁን ከተቆረጠ ለጣሪያ አይደርስም። ካሳሁን ምን አለህ?»

«እርስዎን ጠይቅ አለኝ።»

«ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የሐዲድ ሰው ነኝ። እሱ ያስፈልጋል ካለ ውሰድ።»

ደበላ ወደ ካሳሁን ተመለሰ። ካሳሁን መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ጉድጓዱን አየ። «የቀረህ እኮ ክንድ ተኩል ነው። ዛሬ ትጨርሰዋለህ። ለአንድ ቀን ብለህ የሰውየውን ጣሪያ ልታስቆርጥ?»

ደበላ ሮሪሳን አየ፤ ሮሪሳ ትከሻውን ሰበቀ። «እሺ» አለና ገመዱን ይዞ ወረደ።

ቀናው ይህን ሁሉ ከቆመበት ሰምቷል። እግሩ ጭቃው ውስጥ እንዳለ፣ ዛሬ ይቅር፣ ይድረቅ ልበል እንዴ ብሎ አሰበ። ግን ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል፤ ነገም ሊዘንብ ይችላል፤ ካሳሁን ሌላ ቤት ይዣለሁ ብሏል። ሥራውን የሚያውቀው ሰው ካለ እኔ ምን ቤት ነኝ ብሎ ዝም አለ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከፉርጎ ላይ ጆንያ ሲወረወር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማ። ቀጥሎ ሮሪሳ ጮኸ።

ቀናው ሲደርስ አንደኛው ጎን ተንዷል። ደበላ ከታች ቆሟል፤ ግን የሚታየው ከብብቱ በላይ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ ነፃ ነው፤ ግራው ከአካፋው ጋር አፈር ውስጥ ቀርቷል። ፊቱ ገርጥቷል። ቀና ብሎ አያቸው።

«አልሞትኩም» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ግን ይጫነኛል። ትንፋሼን ባወጣሁ ቁጥር ይጠጋል።»

ሮሪሳ ገመዱን ይዞ ሊወርድ ሲል እግሩ የነካው ጠርዝ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ወደቀና የደበላን ትከሻ መታው። ደበላ በኦሮምኛ «አትውረድ፤ ከወረድክ ሁለታችንም እዚሁ ነን» አለው። ቀናው የሮሪሳን ወገብ ይዞ ወደ ኋላ ሳበው። ሮሪሳ ሲታገለው ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ።

ካሳሁን ነቃ ብሎ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ። ማንም ጠርዙ ጋ እንዳይቆም፣ በሩ ተነቅሎ እንዲመጣና ጠርዙ ላይ እንዲነጠፍ አዘዘ። ከዚያ እንጨቱ መጣ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ካሳሁን በመጥረቢያ ሲቆርጥ ቀናው ጫፉን ይዞለታል፤ ያንን ለሳምንታት ዞር ዞር እያለ ሲያየው የነበረውን ባሕር ዛፍ እያነሳ «ይኸው፣ ይሄንንም፣ ይሄንንም» ይላል። ብዙወርቅ ለጎረቤት ልትናገር ሮጠች። ከፋብሪካ የሚመለሱ ወንዶች መጡ፤ አካፋና ዶማ የያዘ መጣ። ግን ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ከአንድ ሰው በላይ የሚያስገባ ቦታ የለውም፤ ያ አንዱም ቢወርድ የሚቆመው ደበላ ላይ ነው። ሃያ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው።

ደበላ ውሃ ጠየቀ። ሮሪሳ በጣሳ አድርጎ በገመድ አወረደለት። በአንድ እጁ ይዞ ግማሹን ጠጣ፤ ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ።

በመጨረሻ ቀጠን ያለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ወገቡን ታስሮ፣ የበሩን ሳንቃ ተደግፎ ግማሽ ድረስ ወረደና አፈሩን በእጁ እየዛቀ ባልዲ ይሞላ ጀመር። እንጨቱንም አንድ በአንድ ወደ ታች እያቀበሉት ጎንና ጎኑን ያስደግፋል። ሥራው መስመር የያዘ መሰለ። ያን ጊዜ ደበላ ራሱ «አቶ ቀናው» ብሎ ተጣራ። «ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚያልፈው?»

ቀናው ደነገጠ። የአሥር ሰዓቱን የጭነት ባቡር ረስቶታል። በሕይወቱ ረስቶት የማያውቀውን።

ወደ ጣቢያው ሮጠ። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ በባዶ እግሩ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ ነው ጣቢያው የደረሰው። የጣቢያው ሹም ወልደሚካኤል ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፍ ነበር። ከቀናው በዕድሜ ያንሳል፤ ግን ጨዋ ሰው ነው።

«የጭነቱን ባቡር ያቁሙልኝ» አለ ቀናው። «ሰው አፈር ውስጥ ነው። ባቡሩ ካለፈ መሬቱ ይንቀጠቀጣል።»

«ሐዲዱ ላይ ነው?»

«አይደለም። ግቢዬ ውስጥ ነው። ከሐዲዱ ስልሳ እርምጃ ነው።»

ወልደሚካኤል ብዕሩን አስቀመጠ። «አቶ ቀናው፣ ሐዲድ ላይ ሰው ካለ አቆማለሁ። ከብት ካለም፣ ውሃ ካለም አቆማለሁ። ለዚህ ሁሉ ትእዛዝ አለኝ። በሰው ግቢ ውስጥ ላለ ጉድጓድ ግን ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«የፈለጉትን ይጻፉ። እኔ ነኝ ያቆምኩት ይበሉ።»

ወልደሚካኤል የቀናውን እግር አየ። ከዚያ ስልኩን አነሳ። ባቡሩ ከዱከም ተነስቷል። «ከጣቢያው በፊት ይቁም» አለ ለቀናው፤ «ሩብ ሰዓት እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም የምጠየቅበት አለ።»

ቀናው ቀዩን ባንዲራ ይዞ መስመሩ ዳር ቆመ። ባቡሩ መጣና እያቃሰተ ቆመ። ነጂው አንገቱን አውጥቶ ምን ሆነ አለ። ቀናው ባንዲራውን እንደዘረጋ አንገቱን ወደ ግቢው አዙሮ ያያል፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሰዎቹ ጀርባ ብቻ ነው። ባልዲ ሲወጣ ያያል፣ ባልዲ ሲገባ ያያል። ሩብ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሆነ። ወልደሚካኤል ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አየውና ተመለሰ። በሦስተኛው መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ከዚህ በላይ አልችልም። ከኋላው ሌላ ይመጣል። በሰው እርምጃ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ።»

ቀናው ባንዲራውን አጠፈና ወደ ግቢው ሮጠ። ሁሉም ሰው ከጠርዙ ራቀ። የፋብሪካው ሠራተኛ ተስቦ ወጣ። ባቡሩ በሰው እርምጃ አለፈ፤ ፉርጎ ከፉርጎ እየተጋጨ፣ እያዘገመ፣ ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። ቀናው መሬቱ ላይ ተንበርክኮ መዳፉን አስደግፏል። መንቀጥቀጡ በመዳፉ ይሰማዋል። ከጠርዙ ትንሽ አፈር ተፈረፈረና ቆመ። የመጨረሻው ፉርጎ አለፈ።

«አለፈ?» አለ ደበላ ከታች።

«አለፈ» አለ ቀናው።

ደበላ ሳቀ። ከላይ የነበሩትም ሳቁ፤ ብዙወርቅ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቀጠን ያለው ሠራተኛ እንደገና ወረደ። አሁን ሥራው ፈጠነ። የደበላ ግራ እጅ ወጣ። ደረቱ ወጣ። ገመድ ብብቱ ሥር አሳለፉለት፤ ሮሪሳና አራት ሰዎች ጫፉን ያዙ። እስከ ወገቡ ከተለቀቀ መሳብ እንጀምራለን አለ ካሳሁን። ደበላ በረጅሙ ተነፈሰና «አሁን ደህና ነኝ፤ እግሬ ብቻ አይሰማኝም» አለ። ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ለሮሪሳ ነገረው፤ ቀናው ሙሉውን አልሰማውም። ሠራተኛው የሞላውን ባልዲ ይዞ እንዲያወጡት ገመዱን ነቅነቅ አደረገ።

ሠራተኛው ተስቦ ወጥቶ በወዲህኛው ጠርዝ ላይ እግሩን እንዳሳረፈ ያልተናደው ሌላኛው ጎን ተንሸራተተ። ባቡር አልነበረም። ዝናብ አልነበረም። ማንም አልረገጠውም። የተደገፈበትን እንጨት ይዞ፣ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ እንደ ፈሰሰ ሊጥ ወደ ታች ወረደ። ሮሪሳና ሰዎቹ የያዙት ገመድ አንዴ ተወጠረ። ሳቡት። በሙሉ ኃይላቸው ሳቡት። አልተነቃነቀም።

ደበላ ሲወጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጉድጓዱን ከጎን እያሰፉ፣ ሰፊ አድርገው ነው የደረሱበት። ገመዱ አሁንም ብብቱ ሥር ነው። ሮሪሳ የወንድሙን ፊት በነጠላ ጫፍ ሲጠርግ ቀናው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የመረገው ጭቃ ገና ስላልደረቀ ጀርባው ላይ ተለጠፈበት።

በማግስቱ አንድ የፖሊስ አሥር አለቃ መጣ። ግቢው ውስጥ ወንበር ቀርቦለት ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«ማን ነው የቀጠረው?»

ካሳሁን «ሥራው የባለቤቱ ነው» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ቀናው።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አልተጣላንም።»

«የገፋው ሰው አለ? ሰክሮ ነበር?»

«የለም። አልሰከረም። ጎኑን ልደግፍ እንጨት ስጡኝ አለኝ። እንጨቱ እዚህ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ይህን ይጻፉልኝ።»

አሥር አለቃው ብዕሩን ይዞ አየው። «አልሰጠውም ብለው ከለከሉት?»

«ካሳሁንን ጠይቅ አልኩት። ካሳሁን እኔን ጠይቅ ብሎት ነበር።»

«እና በራሱ እግር ወረደ።»

«ወረደ።»

«ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለ አፈር ተንዶበት ነው የሞተው።» ይህንኑ ጻፈ።

«ስለ እንጨቱስ?» አለ ቀናው።

«ጌታዬ» አለ አሥር አለቃው፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ይመስላል። «የደበደበ ይታሰራል። የሰረቀ ይታሰራል። እንጨት ስላልሰጠ ሰው እኔ የማውቀው ነገር የለም። ሐዘን ላይ ነዎት፤ ቤትዎ ይግቡ።»

ቀናው «ቤቱ ጣሪያ የለውም» አለ። ለምን እንዲህ እንዳለ ራሱም አላወቀም።

አሥር አለቃው ከሄደ በኋላ ቀናውና ካሳሁን ብቻቸውን ቀሩ። ካሳሁን መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ ነበር።

«ማናችን ነን?» አለ ቀናው። «እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ካሳሁን መጋዙን በጨርቅ ጠቀለለ። «ሠላሳ ቤት ሠርቻለሁ። እንጨት የደገፍኩበት አንድም ጉድጓድ የለም፤ አንዱም ተንዶ አያውቅም። ስለዚህ አይናድም አልኩ።» ጥቅሉን ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው። «እሱ እኔን ጠየቀ። አንተንም ጠየቀ። ከዚህ በላይ ማንን ሊጠይቅ ይችል ነበር?» ሰንዱቁን ተሸክሞ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ቀናው ሲያልፍ ካየው መንገድ ይቀይራል እየተባለ ሲወራ ቀናው ሰማ፤ ለማጣራት ግን አልሞከረም።

በሦስተኛው ቀን ቀናውና ብዙወርቅ ወንዙን ተሻግረው ለቅሶ ደረሱ። ቀናው የሚሆነውን ሁሉ አስቦ ነው የሄደው። ይሰድቡኛል፣ ምናልባትም ይመቱኛል ብሏል፤ መንገድ ላይ ለብዙወርቅ «ቢመቱኝ እንዳትጮሂ» ብሏታል። ማንም አልመታውም። ሰዎች ተነስተው ቦታ ለቀቁለት። ባቡር ያቆመው ሰውዬ ነው እየተባባሉ ለማያውቁት ሲያሳዩት ሰማ። አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው «የምትችለውን አድርገሃል፤ እግዜር ይስጥህ» አሉት። ሮሪሳ ከሰዎቹ መሐል ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። አንድ ጊዜም ቀና አላለም።

የደበላ ሚስት ጠጄ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣለች። ትንሹ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል። ቀናው ከፊቷ ሄዶ ቁጢጥ አለ። ለሦስት ቀን አፉ ላይ የነበረውን ነገር አወጣው።

«ጠዋት እንጨት ጠይቆኝ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ነበር፤ ለጣሪያ ብዬ ይዤው። ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ…»

«አውቃለሁ» አለች ጠጄ። «ሮሪሳ ነግሮኛል።»

የተኛውን ልጅ በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ውሃ ጠይቆ ነበር አሉ። ጠጣ?»

«ጠጣ። ሮሪሳ በገመድ አወረደለት።»

«ብዙ ጠጣ?»

«ግማሽ ጣሳ ያህል።»

ራሷን ነቀነቀች። ልጁን አስተካክላ አቀፈችው። «ስለ እንጨቱ ከእንግዲህ አይንገሩኝ» አለችው። «ሲነግሩኝ እርስዎን ሊቀልዎት ይችላል። እኔ ግን ምን ላድርገው? ልቆጣ ብል እሱ አይነሳም። ይቅር ልበል ብልም አፌ እሺ አይለኝም። የማስቀምጥበት የለኝም። ይዘውት ይሂዱ።»

ቀናው ቁጢጥ እንዳለ ቀረ። ብዙወርቅ መጥታ በክንዱ ይዛ እስክታስነሳው ድረስ መነሳትም እንዳለበት አላሰበም።

ቤቱ በመስከረም ተከደነ። ሌላ አናጢ ነው የጨረሰው። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ ሌላ እንዲቆፈር ብዙወርቅም ቀናውም አልጠየቁም፤ የጎረቤት ሽንት ቤት እየሄዱ ከረሙ። ቀናው ሥራውን አልተወም። እጀታውን ይጎትታል፣ ሦስት ጊዜ ይፈትሻል። ወልደሚካኤል ባቡሩን ለግማሽ ሰዓት የያዘበትን ምክንያት ተጠይቆ «ሐዲዱ አጠገብ አደጋ ነበር» ብሎ ጽፎ አለፈ።

በቀጣዩ ዓመት ከመስመሩ በታች ያለው ዳገት ቤት በቤት ሆነ። ሰው ከሳሪስም ከቃሊቲም እየመጣ ይሠራል። ቀናው ከሥራ ሲወጣ በየግቢው ያልፋል፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ካየ ይገባል። ለባለቤቱ ይናገራል፣ ለአናጢው ይናገራል። ሰዎቹ በትሕትና ይሰሙታል፣ «እውነትዎን ነው አባባ» ይሉታል፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አንዳንዶች የሆነውን ያውቃሉና ሲመጣ አይተው ዝም ይላሉ። አንድ አናጢ ቀናው እየሰማ «ሰውዬው ካልተወን ሥራ አይሠራም» ብሎ አማሯል።

በሰኔ መግቢያ አንድ ቀን አሰለፈች የምትባል የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ግቢ ገባ። ሴትዮዋ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ነው ቤት የምትሠራው። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ቆፋሪ እስከ ራሱ ጠልቋል፤ የሚታየው የሚወረውረው አፈር ብቻ ነው።

«ጎኑን አስደግፊው» አላት ቀናው።

«ለእሱ ይንገሩት አባባ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ቀናው ጠርዙን ሳይነካ ጎንበስ አለ። «ወንድም፣ ጎኑን በእንጨት አስደግፈው።»

ቆፋሪው ቀና ብሎ አየው። ጎልማሳ ሰው ነው፤ ፊቱ በላብና በዋልካ ጠቁሯል። «ከተደገፈ ለአካፋዬ ቦታ የለኝም» አለ። «ደግሞ ይኸው፣ ደረቅ ነው።» ጎኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «አሥር ዓመት ቆፍሬያለሁ።»

ቀናው ስለ ደበላ ሊነግረው አሰበ፤ ግን ሰውየው ጎንበስ ብሎ ሥራውን ቀጥሏል። ከመስመሩ በኩል ደመና እየመጣ ነው። ቀናው ከጠርዙ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

አሰለፈች ቆይታ ወጣች። «አባባ፣ የቀረ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«እስኪወጣ ነው» አለ ቀናው።

አሰለፈች ዱካ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። እሱ ግን አልተቀመጠም። ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከጉድጓዱ ውስጥ አፈሩ አንድ አካፋ፣ ሌላ አካፋ እያለ ይወጣል፤ ቀናው ዓይኑን ጠርዙ ላይ ተክሎ፣ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ሳያውቅ ቆሟል።